ሴባስቶፖል ስንት ዋት ይበላል?

ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቷል። ከደብረ ታቦር በውድቅት ሌሊት እየደወለ "እትዬ፣ 3060 ይሻላል 4060?" ይለኛል። እኔ ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት ብለው ማን ይስማኝ! ጭራሽ "መርምሪያ፣ ሙያሽ አይደል?" አለኝ። መረመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች ናቸው። አርቲኤክስ 3060 የወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሚሞሪው 12 ጊጋባይት፣ የሚሞሪው መስመር 192 ቢት፣ ኮሮቹ 3584፣ የሚበላው መብራት 170 ዋት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው 4060 ደግሞ 8 ጊጋባይት፣ 128 ቢት፣ 3072 ኮር፣ 115 ዋት። ወረቀት ላይ ካየነው አሮጌው አዲሱን በዝረራ ይጥለዋል። ጌሙ ሲከፈት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው አዲሱ ነው። ቺፑ በረቀቀ አሠራር ስለተሠራ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ቺፑ ውስጥ ያለው ካሽ ስለሰፋ ሚሞሪው ጋ ቶሎ ቶሎ አይመላለስም። (ብዙ ሚሞሪ ለሚፈልግ ሥራ 3060 አሁንም ጉልበተኛ ነው፤ የእሱ ደጋፊዎች እንዳትሰድቡኝ።)

ይህን ሁሉ ሳስረዳው ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። የደብረ ታቦር ልጅ ስለ ትልቅ ቁጥርና ስለ ትንሽ ቁጥር ሲያወራ ጋፋት ትዝ ሳይለው አይቀርም። ጋፋት ከከተማችን ወጣ ብላ ያለች ቦታ ናት። አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ (በእኛው አቆጣጠር) የመሣሪያ ፋብሪካቸውን የተከሉት እዚያ ነበር። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ፣ ወንጌልንም የእጅ ሙያንም የያዙ ወጣቶች ናቸው፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለርና ሌሎችም። ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆልም አብሯቸው ነበር። (ወሬ ለምትወዱ፦ ሁለት ኦስካር የወሰደው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ነው።)

እነዚህ ሰዎች መድፍ ማቅለጥ አያውቁም ነበር። "አናውቅም" ሲሉ ንጉሡ እሺ እስኪሉ ድረስ አሽከሮቻቸውን አሰሩባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ እየወደቁ እየተነሱ ግን ተሳካላቸው። መጨረሻ ላይ የተሠራውና ከሁሉም የሚበልጠው በክሪሚያው ጦርነት በታወቀችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው፤ በእኛ ቋንቋ 70 ኩንታል። 70 ቶን ብለው የጻፉም አሉ። መድፉን 500 ያህል ሰው ጎተተው ይባላል፤ 500 ሰው 70 ቶን በጂዳ ገደል ጎትቶ ሲያወጣ በዓይነ ህሊናዬ ሊታየኝ አልቻለም። እኔ በኩንታሉ እጸናለሁ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጥቅምት መባቻ ግድም፣ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። የነበረ መንገድ አልነበረም። ዓለት እየፈለጡና በባሩድ እየናዱ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገዱን ሠሩት። የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርደው ወጡ። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ተጋምሷል። በዚያው በጋ ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ሲገሰግስ ነበር፤ እሱ ሦስት ወር እንኳ አልፈጀበትም።

አሁን ማወዳደሩን እንቀጥል። የእንግሊዞቹ ባለ 7 ፓውንድ የተራራ መድፍ 70 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ በበቅሎ ይጫናል። የሴባስቶፖል አንድ መቶኛ ማለት ነው። ከዚያም በላይ የሚያስፈራው በ1866 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው፣ አባቶቻችን "ስናድር" ያሉት ጠመንጃ ነበር። ከኋላ ስለሚጎርስ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ይተኩስበታል። ከአፉ የሚጎርሰው ጠመንጃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከተኮሰ ጎበዝ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ላይ ተያዩ። የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከላይ ተወርውሮ ወረደ። ከተራራው የተተኮሰ አንድ ትልቅ መድፍ ባሩድ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ፈነዳ፤ ሴባስቶፖል ግን በውጊያው ምንም አልሠራም። ሲመሽ ገብርዬን ጨምሮ ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሞቶ 1200 ያህል ቆስሏል። ከእንግሊዞች 20 ቆሰሉ፤ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

ልጅ ሆነን ታሪኩ ሲነገረን የሚያኮራን መድፉ ነው። እኔም ኮርቻለሁ፤ የማያውቁትን ነገር እየከሸፈባቸው የሠሩ ሰዎችን ማድነቅ አያስነውርም። "ንጉሡ አብደው ነው ብረት የጎተቱት" የሚለውንም አልቀበልም። በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት ፈልገው ጽፈው መልስ ያጡ ሰው፣ ካልሰጡኝ ራሴ እሠራለሁ ቢሉ ምኑ ነው እብደቱ? የሚያመኝ ሌላው ነው። ደብረ ታቦር ላይ ስለ ጋፋት የሚያወራ ሞልቷል፤ ስለ ተቃጠለችው ደብረ ታቦር የሚያወራ ግን አልገጠመኝም። ያን ጊዜ የበጌምድር ገበሬ በገዛ ንጉሡ ጦር ተዘርፎ ነበር፤ መድፉ የሄደው በእሱ እህል ነው። የጎታቾቹን የአንዳቸውን እንኳ ስም አናውቅም። የመድፉን ስም ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ በስልክ ተረኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና "እና እንግሊዞቹ ወሰዱት?" አለ። አልወሰዱትም። ከመቅደላ የዘረፉትን ብራናና ቅርስ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ነበር የተሸከመው፤ ሴባስቶፖልን ግን ትተውት ሄዱ። ዛሬም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ፎቶ የምትነሱበት ቅጂው ነው።

"በይ እሺ" አለኝ ወንድሜ፣ "የኔ ፓወር ሰፕላይ 400 ዋት ነው፤ የትኛውን ይችላል?"