መርፌና ትልም፤ የጁክቦክስ ታሪክ

ጸሐፊ በብራና ላይ ከመጻፉ አስቀድሞ ብርዑን ይቀርጻል። ለርእስ የሚኾነው ብርዕ ወፈር ያለ፥ ለሐተታ የሚኾነው ቀጠን ያለ ነው፤ በወፍራሙ ብርዕ ደቂቁን ፊደል ልጻፍ ያለ እንደ ኾነ ፊደሉን ደፍኖ ብራናውን ያበላሻል። ይህ ሕግ በጽሕፈት ብቻ ሳይኾን በተቀረጸ ድምፅም ዘንድ የጸና ነው። ግራሞፎን ሸክላውን የሚያነበው በመርፌ ነውና፥ መርፌው ለትልሙ ልክ ካልኾነ ንባቡን ማበላሸት ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉንም ይፍቃል። በመጽሐፍ ላይ የሳተ አንባቢ ተመልሶ ሊያቀና ይቻለዋል፤ በሸክላ ላይ የሳተ መርፌ ግን የፋቀውን አይመልስም። ስለዚህ የመርፌ ምርጫ ታሪክ ትንሽ ነገር ቢመስልም፥ ብዙ ድምፅ የተረፈበትና ብዙ ድምፅም የጠፋበት ታሪክ ነው። ይህንንም ከኹሉ ይልቅ በግልጥ የሚያሳየው፥ በአሜሪካ አገር በየመጠጥ ቤቱና በየምግብ ቤቱ ቆሞ ሳንቲም ሲጥሉበት ይዘፍን የነበረው፥ ጁክቦክስ የተባለው ሣጥን ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1877 ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን በሠራ ጊዜ ድምፁን የተቀበለው በሚዞር ድብልብል ነገር ላይ የተጠቀለለ ስስ የቆርቆሮ ቅጠል ነበረ። መርፌውም ወደ ላይና ወደ ታች እየተነሣና እየወረደ ይወጋው ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1887 ከጀርመን አገር ፈልሶ በአሜሪካ የተቀመጠው ኤሚል በርሊነር ሌላ መንገድ አሰበ። ድብልብሉን ትቶ ጠፍጣፋ ክብ ገበታ አደረገ፤ መርፌውም ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተወዛወዘ ድምፁን በትልሙ ግድግዳ ላይ እንዲጽፍ አደረገ። ገበሬ ማረሻውን ሳያነሣ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እንደሚያርስ፥ መርፌውም ከገበታው ዳር ተነሥቶ በአንድ ትልም እየዞረ ወደ መካከሉ ይደርሳል። የሸክላ ዘፈን የሚባለው ኹሉ የተወለደው ከዚህ ከበርሊነር አሳብ ነው።

ሳንቲም እየተቀበለ የሚዘፍነው መሣሪያ ግን አስቀድሞ የተሠራው በኤዲሰን ፎኖግራፍ ነው። በኅዳር ወር 1889 ሉዊስ ግላስ የተባለ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፥ ፓሌ ሮያል በተባለው መጠጥ ቤት አንዱን ፎኖግራፍ አቆመ። ድምፁን የሚያጐላ ነገር ስላልነበረ አራት የጆሮ ቱቦዎች ተደረጉለት፤ አምስት ሳንቲም የጣለ ሰው ቱቦውን በጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማ ነበር። የዘፈኑም ድብልብል አንድ ብቻ ስለ ነበረ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም።

የበርሊነር ጠፍጣፋ ገበታ እያሸነፈ በመጣ ጊዜ አዲስ ችግር ተነሣ። ሸክላው የሚሠራው በሕንድ አገር በዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት ከምታወጣው ሙጫና ከተፈጨ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ የተጨመረበትም ምክንያት ነበረው፤ ለማጠንከር ብቻ ሳይኾን፥ የብረቱን መርፌ እየሳለ ከትልሙ ጋራ እንዲያስማማው ጭምር ነው። ሸክላው ጥቂት ጊዜ በዞረ ቍጥር የመርፌው ጫፍ እየተሞረደ የትልሙን መልክ ይይዝ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሰው መርፌን ለትልም አይመርጥም ነበር፤ ሸክላው ራሱ መርፌውን ለራሱ ይቀርጸው ነበር እንጂ። ነገር ግን ድንጋዩ መሞረዱን አያቆምም፤ የሸክላው አንዱ ፊት ተዘፍኖ ባለቀ ጊዜ የመርፌው ጫፍ ጐንና ጐኑ ተልጦ እንደ መሮ ይኾናል። ያንኑ መርፌ በሌላ ሸክላ ላይ የደገመ ሰው ትልሙን በመሮ እንደ ጠረበ ይቈጠራል። ስለዚህ የብረት መርፌ ለአንድ ፊት ብቻ ነው የሚል ሕግ ወጣ።

በቤቱ ግራሞፎን ያለው ሰው መርፌውን በእጁ ይለውጣል፤ በመጠጥ ቤት ያለውን መሣሪያ ግን ማን ቆሞ ይጠብቀው? በ1906 በቺካጎ ከተማ ጆን ጋብል የተባለው ሰው ለዚህ መልስ አገኘ። እርሱ የሠራው መሣሪያ ኻያ አራት ሸክላ የሚይዝ፥ ሰሚው የወደደውን እንዲመርጥ የሚያደርግ ነበር፤ ከዚህም በላይ ለእያንዳንዱ ዘፈን መርፌውን በገዛ ራሱ ይለውጥ ነበር። ሰሚው ሳንቲሙን ጥሎ መዘውሩን ሲያዞር ያረጀው መርፌ ወድቆ አዲሱ በስፍራው ይገባል። የጋብል ብልኀት የሚደነቀው በዘፈኑ ብዛት አይደለም፤ ነጋዴ ኾኖ ሳለ መርፌን መቈጠብ ሸክላን ማባከን መኾኑን አስቀድሞ በማስተዋሉ ነው።

በ1925 ድምፅ በኤሌክትሪክ መቀረጽ ጀመረ። በ1927 በግራንድ ራፒድስ ከተማ የነበረው ኤ.ኤም.አይ. የተባለው ድርጅት ድምፁ በኤሌክትሪክ የሚጐላ፥ ቤት ሙሉ ሰው የሚሰማው የሳንቲም መሣሪያ አወጣ። ቀጥለውም የቺካጎው ሲበርግ፥ የኖርዝ ቶናዋንዳው ዉርሊትዘር፥ እንደ ገናም የቺካጎው ሮክ-ኦላ ተነሡ። በ1933 መጠጥን የሚከለክለው ሕግ በአሜሪካ በተሻረ ጊዜ መጠጥ ቤቶች ተከፈቱ፤ ባለ መጠጥ ቤቱም ለዘፋኞች ደመወዝ ከመክፈል ይልቅ ሣጥኑን ማቆም ቀለለው። ሣጥኑም ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት መዝፈን ጀመረ።

እንዲህ ለሚሠራ መሣሪያ የአንድ ፊት መርፌ አይበቃውም። ስለዚህ ፐርሞ የተባለውን የቺካጎ ድርጅት የመሳሰሉ ሠሪዎች ጫፉ ኦስሚየም ከሚባል ብርቱ ማዕድን ጋራ የተቀላቀለ፥ ብዙ ሸክላ ሳይለወጥ የሚያዘፍን መርፌ አወጡ። ከዚያም በኋላ ሰንፔርና አልማዝ መጡ። በዚህ ጊዜ ሳይታወቅ አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። ብርቱው ጫፍ በሸክላው በቶሎ አይሞረድም፤ ስለዚህ ሸክላው መርፌውን ለራሱ ሊቀርጸው አይችልም። መርፌው ልክ ካልኾነ የሚሞረደው ሸክላው ነው። ቀድሞ የሸክላው ሥራ የነበረው መርፌን ከትልም ጋራ የማስማማት ጭንቅ እንግዲህ በሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ የመርፌ ምርጫ የተባለው ነገርም በእውነት የተጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው።

ጭንቁ የከበደው ግን ትልሙ ራሱ በተለወጠ ጊዜ ነው። በ1948 ኮሎምቢያ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ከሢሶ የሚዞረውን ረዥም ሸክላ አወጣ፤ በ1949 አር.ሲ.ኤ. ቪክተር በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን፥ መካከሉ በሰፊው የተበሳውን ትንሽ ሸክላ አወጣ። ኹለቱም ድንጋይ ከሌለበት ለስላሳ ፕላስቲክ የሚሠሩ ነበሩ፤ ትልማቸውም ከቀድሞው ይልቅ እጅግ ቀጭን ነበረ። በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞረው ለአሮጌው ሸክላ የሚስማማው መርፌ፥ የጫፉ ክብነት ከመካከሉ እስከ ዳሩ ሲለካ ከሚሊሜትር ሺኛ እጅ 75 ያህል ነው። ለ45ቱ ሸክላ ግን 25 ያህል ይበቃዋል። ወፍራሙ መርፌ ወደ ቀጭኑ ትልም የገባ እንደ ኾነ፥ ወደ ውስጥ መውረድ አቅቶት በትልሙ አፍ ላይ እየተንሸራተተ አፉን ያፈርሰዋል። ቀጭኑ መርፌ ወደ ሰፊው ትልም የገባ እንደ ኾነ ደግሞ እስከ ወለሉ ወርዶ በትቢያና በጕድፍ መካከል ይንገዋለላል፤ የሚሰማውም ከዘፈኑ ይልቅ ኵርፊያ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚኾኑ ኹለት የሲበርግ መሣሪያዎች አሉ። በ1948 የወጣው ኤም 100 ኤ አምሳ ሸክላ አቁሞ የሚያዘፍን፥ የኹለቱንም ፊት በመቍጠር መቶ ዘፈን የሚያስመርጥ ነበር። ሸክላው እንደ ተሽከርካሪ እግር ቆሞ ስለሚዞር፥ ክንዱ አንድ ለቀኝ አንድም ለግራ ፊት የሚኾኑ ኹለት ጫፎች ነበሩት። በ1950 የወጣው ኤም 100 ቢ በአሠራሩ ወንድሙን ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የ78 ሸክላ ሲያዘፍን ኹለተኛው የ45 ነው። መሣሪያዎቹ ተመሳሰሉ ብሎ የአንዱን መርፌ ለሌላው የሰጠ ሰው በመልክ ተታለለ ማለት ነው። መርፌ በሣጥኑ ስም አይመረጥም፥ በሚያነበው ትልም ይመረጣል እንጂ።

በ1958 ሌላ ለውጥ መጣ። በአንድ ትልም ውስጥ ኹለት ድምፅ፥ አንዱን በቀኝ ግድግዳ አንዱን በግራ ግድግዳ የሚጽፈው ስቴሪዮ የተባለው ሸክላ ለገበያ ወጣ። በዚህ ሸክላ መርፌው ወደ ጐን ብቻ ሳይኾን ወደ ላይና ወደ ታችም መንቀሳቀስ አለበት፤ እንዲህም ሲኾን የኤዲሰንና የበርሊነር መንገድ ከሰባ ዓመት በኋላ በአንድ ትልም ተገናኙ። የቀድሞው የአንድ ድምፅ መርፌ ወደ ጐን ለመወዛወዝ ብቻ የተሠራ ስለ ኾነ ወደ ላይ ሲገፉት እንደ ደንዳና በትር ይኾናል፤ የስቴሪዮውንም ትልም እያረሰ ያልፋል። ክፋቱ የማይሰማ መኾኑ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ዘፈኑ ደኅና ይመስላል፥ ጕዳቱ የሚታወቀው በጥሩ መርፌ በተደገመ ጊዜ ነው። ስለዚህ በሲበርግ መሣሪያዎች ዘንድ ጥቍር ራስና ቀይ ራስ የሚባሉትን መለየት ግድ ነው፤ ጥቍሩ ለአንድ ድምፅ፥ ቀዩ ለስቴሪዮ ነው። የስቴሪዮው መርፌ ጫፉ 18 ያህል ኾኖ የቀጠነ ነው፤ ደግሞም የአንድ ድምፁን የ45 ሸክላ ሳይጐዳ ሊያነብ ይችላል። ታላቁ ታናሹን ይሸከማል፤ ታናሹ ግን ታላቁን አይሸከምም።

ከመርፌውም ሌላ መርፌውን ይዞ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ካርትሪጅ የተባለው ትንሽ ዕቃ አለ። አንዱ ዐይነት በክሪስታል የሚሠራ ነው፤ ብዙ ኀይል ይሰጣል፥ ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት ያሟሟዋል፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በሣጥኑ ውስጥ ዱቄት ኾኖ ይገኛል። ሌላው በሴራሚክ የሚሠራው ነው፤ ይህ አየርን ይችላል። ሦስተኛው በማግኔት የሚሠራው ነው፤ ኀይሉ ጥቂት ስለ ኾነ ሌላ ማጕያ ያስፈልገዋል። ዉርሊትዘር ደግሞ ኮብራ የተባለውን ከኹሉ የተለየ ዐይነት ያደረገባቸው መሣሪያዎች አሉት፤ በእርሱ ስፍራ ሌላ ያገባ ሰው የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ መስመር ካላስተካከለ ምንም አይሰማም። እንግዲህ ለአሮጌ ሣጥን ምትክ የሚፈልግ ሰው ኹለት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ጫፉ ትልሙን ይስማማዋልን? ካርትሪጁስ ማጕያውን ይስማማዋልን?

ክብደቱም የሚዘነጋ አይደለም። በአሮጌው ግራሞፎን ላይ ከመቶ ግራም የሚበልጥ ሸክም በሸክላው ላይ ይወርድ ነበር፤ ለስቴሪዮ ሸክላ ግን ጥቂት ግራም ይበቃዋል። መርፌው ሲዘል ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳይመረምር በክንዱ ራስ ላይ ሳንቲም ይጭናል። የሚዘልበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ የቀለለ ክንድ ሳይኾን ያረጀ ጫፍ፥ ወይም በዘመን ብዛት ደርቆ እንደ ድንጋይ የኾነ የመርፌው ጐማ ነው። ሳይነካ የተቀመጠ አሮጌ መርፌም ቢኾን ጐማው ከደረቀ እንደ አዲስ አይቈጠርም። በሳንቲም የተጀመረው ሣጥን በሳንቲም ክብደት ሸክላውን ያጠፋል ማለት ይህ ነው።

ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በኻያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ ያ ሸክላ የሰፊው ትልም፥ የወፍራሙ መርፌ ዘመን ነው። በ1969 አምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸው ትንንሽ ሸክላዎች ግን የ45 ናቸው፤ እነርሱም ልክ የጁክቦክሱን ሸክላ የሚመስሉ፥ ቀጭን መርፌ የሚሹ ናቸው። ኹለቱን በአንድ መርፌ የሚያነብ ሰው፥ ወይ የአያቱን ድምፅ በኵርፊያ ይሰማል፥ ወይ የአባቱን ድምፅ እየፋቀ ያደምጣል። ከአንዳንዱ ሸክላ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ከኾነው ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ዙር የሚቀንሰው አለ።

የሣጥኑ መብራት፥ ቀለሙና መስተዋቱ ዓይንን ይስባል፤ አዳሾችም ገንዘባቸውን የሚያፈሱት በዚያ ላይ ነው። የሣጥኑ ነፍስ ግን በዓይን በማይታየው በመርፌው ጫፍ ላይ ናት። ብልኅ ሰው አስቀድሞ ሸክላውን ይመረምራል፥ ቀጥሎ መርፌውን በማጕያ መነጽር ያያል፥ ሳንቲሙን የሚጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ፈሩን የሳተ ማረሻ የሚያጠፋው የአንድ ዓመት እህል ነው፤ ትልሙን የሳተ መርፌ የሚያጠፋው ግን ዳግመኛ የማይዘራውን ነው።