በደሴና በኮምቦልቻ ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የሚደረግ ድጋፍ

ይህ መጣጥፍ በደቡብ ወሎ፣ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ፣ በሳይንስና በምሕንድስና መስኮች ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ወገኖች እስከ ዶክትሬት እንዲዘልቁ የሚደረገውን ድጋፍ ይመለከታል። በኢትዮጵያ ሕግና አሠራር እነዚህ ወገኖች በአብዛኛው ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞች፣ ከታዳጊ ክልሎችና ከአርብቶ አደር አካባቢዎች የመጡ፣ እንዲሁም ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ብሔረሰቦች ተወላጆች ናቸው። የሴቶቹ ጉዳይ ከሌሎቹ በተሻለ ተጽፏል፤ መጣጥፉም ወደዚያው ያደላል። ድጋፉ በመጀመሪያ ዲግሪ መግቢያ በር ላይ ጠንከር ብሎ ይታያል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ግን ይሳሳል። ዶክትሬት ላይ ሲደርስም በአመዛኙ የሚገኘው አስቀድሞ በዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ለተቀጠረ ሰው ነው።

ቦታውና ተቋማቱ

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከእርሷ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ ትገኛለች፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ቢራና ብረታ ብረት የሚመረትባት የኢንዱስትሪ ከተማ ስትሆን፣ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ተመርቋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከተቋቋሙት፣ በተለምዶ «ሁለተኛ ትውልድ» ከሚባሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ዋናው ግቢ ደሴ፣ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ኮምቦልቻ ይገኛል። በዚህም ምክንያት የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን ከላይ፣ የምሕንድስናዎቹ ከታች ሆነዋል።

ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ በባቲ በኩል አፋር ይገባል። በደቡብ በኩል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይዋሰናል፤ የአርጎባ ብሔረሰብ ልዩ ወረዳም ከዚያው ብዙ አይርቅም። «ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ወገኖች» የሚለው አነጋገር እዚህ አካባቢ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ የማይፈጁ ጎረቤቶችን የሚመለከት ነው።

ታሪክ

ከወሎ ተነሥቶ በዘመናዊ ሳይንስ ከፍተኛ ማዕረግ ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ነው። መልሱ «ከወሎ መነሣት» በምን እንደሚለካ ይወሰናል።

አንደኛው ወገን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ያስቀድማል። ወርቅነህ የጎንደር ተወላጅ ቢሆኑም በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ እዚያው የተገኙ ሕፃን ነበሩ፤ መቅደላ ዛሬ በደቡብ ወሎ ዞን ውስጥ ናት። አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ወደ ሕንድ ወስዷቸው ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም አደጉ፤ በ1882 እ.ኤ.አ. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ስኬት ይነገራል። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ከአገሩ የወጣው በጦርነት ነው፤ የትምህርት ድጋፍ ብሎ መጥራቱም ያስቸግራል።

ሌላው ወገን መላኩ በያንን ይጠቅሳል። አብዛኞቹ ጽሑፎች በ1900 እ.ኤ.አ. ወሎ ውስጥ መወለዳቸውን፣ ያደጉት ግን ሐረር መሆኑን ይገልጻሉ። በራስ ተፈሪ መኮንን ድጋፍ በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ቀጥሎም በ1922 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ኦሃዮ ውስጥ ከሚገኘው ሙስኪንገም ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ተመረቁ። የተመረቁበትን ዓመት አንዳንዶች 1935፣ ሌሎች 1936 ይላሉ፤ መላኩ በ1935 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በጦርነቱ ዘመን በሐኪምነት ማገልገላቸው ግን የመጀመሪያውን ይበልጥ ያስኬደዋል። የሁለቱም ማዕረግ የሕክምና ስለሆነ፣ ዛሬ ሦስተኛ ዲግሪ ከሚባለው የምርምር ዶክትሬት ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

የመላኩ ታሪክ ለዚህ ርእስ የሚጠቅመው ግን ከቀዳሚነቱ ይልቅ በትምህርት ቤቱ ነው። ሃዋርድ በ1867 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን የዘጉባቸውን ጥቁር አሜሪካውያን ሐኪምና መሐንዲስ ሲያደርግ የኖረ ተቋም ነው። መላኩ እዚያ በነበሩበት ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን ወደ ኢትዮጵያ የመመልመል ሥራ ሠርተዋል፤ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዚሁ ግንኙነት ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሥርተው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በ40 ዓመታቸው ዐረፉ።

በደሴ ከተማ ከፍተኛ ተማሪዎችን በማፍራት የሚታወቀው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነው። ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ከእቴጌ መነን እናት ከወይዘሮ ስሂን ነው። በሴት ስም የሚጠራ ቢሆንም ዝናው በአብዛኛው ከወንዶች፣ ያውም ከፖለቲከኞች ጋር ተያይዟል። በኅዳር 1962 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ያነሣው ዋለልኝ መኮንን የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ከተማዋ ፖለቲከኞቿን በስም እየጠራች ስታስታውስ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎቿን እምብዛም አታነሣም።

ሕግና ፖሊሲ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው የበታችነት ታሪካቸው እንዲወጡ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች (ቁጥር 351/1995፣ 650/2001 እና 1152/2011) ይህን ወደ ዩኒቨርሲቲ አመጡት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የ70/30 የተማሪ ምደባ ከአሥር ተማሪዎች ሰባቱን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መራ። ኮምቦልቻን የመሰሉ የቴክኖሎጂ ግቢዎች የተስፋፉት በዚሁ ዘመን ነው።

በተግባር «አፈርማቲቭ» ተብሎ በሁሉም ዘንድ የሚታወቀው ድጋፍ የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ማድረግ ነው። ግቢ ከተገባ በኋላ ማጠናከሪያ ትምህርትና የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ምክር ይከተላሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መግቢያው ራሱ እጅግ ጠብቧል።

ዩኔስኮ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባወጣው አኃዝ በኢትዮጵያ ከተመራማሪዎች ሴቶቹ 13 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ የዓለም አማካይ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል።

የድጋፉ መንገዶች

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወደ ዶክትሬት የሚያስገባው የተለመደ መንገድ ቅጥር ነው። በከፍተኛ ነጥብ የተመረቀ ተማሪ በረዳት ምሩቅነት ይቀጠራል፤ ሁለተኛ ዲግሪ ተልኮ ሌክቸረር ይሆናል፤ ከዚያ የትምህርት ዕድል ሲመጣ ደመወዙ ሳይቋረጥ ለሦስተኛ ዲግሪ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው መሰናክል፣ ማለትም ወሳኙ ውድድር፣ የሚካሄደው ከዶክትሬቱ ዓመታት በፊት፣ በቅጥር ማስታወቂያው ላይ ነው። በልዩ ነጥብ የገባች ተማሪ በ2.8 ብትመረቅ ዲግሪዋን ይዛ ትወጣለች፤ በረዳት ምሩቅነት የመቀጠር ዕድሏ ግን ጠባብ ነው። ሕጉ በሩን ከፍቶላት መሰላሉ ላይ አላደረሳትም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው መሰናክል ወረቀቱ ነው። ለትምህርት የሚሄድ መምህር ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል፤ በተለይ ለውጭ ትምህርት ዋስ ይጠየቃል። ዋስ የሚሆነው ደመወዝተኛ የሥራ ባልደረባ ወይም ዘመድ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያደረገበት የደመወዝ ማስረጃ ያመጣል፤ ሰውየው ባይመለስ ዕዳው እርሱ ላይ ያርፋል። ደሴ ተወልዶ ያደገና አጎቱ በአንድ ቢሮ የሚሠራ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ከሰመራ ወይም ከጋምቤላ መጥቶ ኮምቦልቻ የተቀጠረ መምህር ግን ገና ያልለመዱትን ባልደረቦቹን ደጅ ይጠናል። ይህ በየትኛውም የድጋፍ መመሪያ ውስጥ በግልጽ ሲጠቀስ አይታይም።

ሦስተኛው ርቀት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬም ለብዙ መስኮች ዋናው መዳረሻ እርሱ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ባሕር ዳር፣ በምሕንድስና አዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳሉ። የወሊድ ፈቃድ በሕግ 120 ቀን ነው፤ የቤተ ሙከራ ሥራ ግን ከዚያ ይረዝማል። ልጇን ኮምቦልቻ ለእናቷ ትታ አዲስ አበባ የምትመላለስ የዶክትሬት ተማሪ በመምህራን ዘንድ የተለመደች ናት።

ከውጭ ከሚመጡት ድጋፎች የስዊድን ዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ (ሲዳ) ለረዥም ጊዜ የቆየ ነው። «ሳንድዊች» በሚባለው አሠራሩ ተማሪው ምርምሩን አገር ቤት እያካሄደ በየጊዜው ለተወሰኑ ወራት ስዊድን ይሄዳል። ቤተሰብ ላላት ሴት አራት ዓመት ሙሉ ከመቅረት ይሻላል። በኢጣሊያ ትሪየስት የሚገኘው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ደግሞ ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ የዶክትሬት ድጎማ አለው፤ ተማሪዋ የምትማረው በሌላ ታዳጊ አገር ነው። በጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት (ዳድ) በኩልም ለኢትዮጵያውያን መምህራን የዶክትሬት ዕድሎች ይሰጣሉ።

የምርምር ርእሶችና ቤተ ሙከራ

አካባቢው ለዶክትሬት የሚሆን ርእስ አይቸግረውም። የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች፣ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚታከመው የቆዳ ሌይሽማኒያሲስ፣ የወሎ ተራሮች የአፈር መሸርሸር ብዙ ተጽፎባቸዋል። በተለይ የኮምቦልቻ ወንዞች የተመራማሪዎችን ትኩረት ስበዋል። ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ትናንሽ ወንዞች ከፋብሪካዎቹ የሚወጣውን ፍሳሽ ተቀብለው ወደ ቦርከና ያደርሳሉ። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳውን የሚያለፋው በክሮሚየም ጨው ስለሆነ፣ በውሃውና በደለሉ ውስጥ ክሮሚየም መኖሩ በተደጋጋሚ ተለክቷል። በኔዘርላንድስ ዴልፍት በሚገኘው የውሃ ትምህርት ተቋም የዶክትሬት ጥናት ተሠርቶበታል።

ይህ ዓይነቱ ጥናት ከተማሪው ምን እንደሚጠይቅ ማየት ድጋፍ የት ላይ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ናሙናው በንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል፤ ብረቶቹ ከጠርሙሱ ግድግዳ እንዳይጣበቁ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ በቅዝቃዜ ይቀመጣል። ከዚያ አቶሚክ አብዞርብሽን ስፔክትሮሜትር ወዳለበት ቤተ ሙከራ ይጓዛል። አሲዱ በግዢ ክፍል በኩል በጨረታ የሚመጣ ነው፤ በረዶ ሳጥኑ፣ መኪናውና የነዳጅ ኩፖኑ በየራሳቸው ፊርማ ይፈልጋሉ። ዘርፉን የሚያውቅ አማካሪና የሚያውቀው ሰው ያለው ተማሪ ይህን በስልክ ይጨርሳል። የሌላቸው ዝናቡ ያልፋቸዋል፤ የክረምት ናሙና ካለፈ የሚቀጥለው ዓመት ነው።

የ2014 ዓ.ም. ጦርነት

ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል፤ ከላይ የተገለጸው ዓይነት ምርምር የሚፈልጋቸው የቤተ ሙከራ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች ከጠፉት ውስጥ ነበሩ።

በውጭ የተማሩ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ልምድ

ከአማራ ክልል በሳይንስ ዶክትሬት ረገድ በብዛት የሚጠቀሱት የፍኖተ ሰላም ተወላጇ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። ከአለማያ ተመርቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት በሽታ ዶክትሬት አገኙ፤ ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል (ኢሲፔ) ለአሥር ዓመት ያህል መርተዋል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሬያል–ዩኔስኮ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ተብለው የሚታወቁት የባዮሎጂ ምሁሯ የዓለምፀሐይ መኮንን ደግሞ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በጀርመን ሃይደልበርግ ነው።

አዲስ አበባ የተወለዱት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ በ2017 እ.ኤ.አ. በሰው ሠራሽ አስተውሎት መስክ ጥቁሮችን የሚደግፈውን ብላክ ኢን ኤአይ የተባለውን ድርጅት በመመሥረት ይታወቃሉ። ረድኤት በ2019 እ.ኤ.አ. ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ስታገኝ በዩኒቨርሲቲው በዚህ መስክ ማዕረጉን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ድርጅቱ ጥቁር ተማሪዎች የዶክትሬት ማመልከቻቸውን ሲያዘጋጁ ከአማካሪ ጋር ያገናኛል።

ከአሜሪካ ፕሮግራሞች ለንጽጽር የሚቀርበው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ በ1988 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የማየርሆፍ ስኮላርስ ነው። በጥቁር ወንድ ተማሪዎች ጀምሮ በኋላ ለሴቶች፣ ከዚያም ለሌሎች ተከፍቷል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ገና ሲገቡ ለዶክትሬት መልምሎ በቡድን ያስተምራቸዋል፤ ገና በጊዜ ከተመራማሪ ቤተ ሙከራ ያስገባቸዋል። በነጥብ ቅናሽ ላይ ከተመሠረተው የኢትዮጵያ አሠራር ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው በየዩኒቨርሲቲው የተከፈቱት የስቴም ማዕከላት ሥራ ሲሆን፣ እነርሱም የሚያተኩሩት በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ነው።

አካል ጉዳተኞች

ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በአብዛኛው ወደ ሕግ፣ ቋንቋና ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደባሉ። በብሬል የተዘጋጀ የሒሳብና የፊዚክስ መጽሐፍ እጥረት ከታችኛው ክፍል ስለሚጀምር፣ የሳይንስ ዶክትሬት ጥያቄ የሚዘጋው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው። የደሴ አቀማመጥ ተዳፋት መሆኑ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ተጨማሪ ችግር ነው።