ለጤና የሚሮጡ ሰዎች የራሳቸውን የሩጫ ፍጥነት እንዴት ያውቃሉ?

ሩጫ ጀምሮ ለማቋረጥ ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ ከአቅም በላይ በሆነ ፍጥነት መጀመር ነው። ጀማሪው ከፊቱ የሚሮጠውን ለመከተል ሲጣደፍ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በማግስቱም ጡንቻው ታስሮ ያድራል። በዚህም ሩጫ ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ይደመድማል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት ምርጫ እንጂ የአቅም ማነስ አይደለም።

ተፈጥሯዊ ፍጥነት ምንድን ነው?

ተፈጥሯዊ የሩጫ ፍጥነት አንድ ሰው ትንፋሹ ሳይቆራረጥና አካሉ ሳይጨናነቅ ለረጅም ጊዜ ሊዘልቅበት የሚችለው ፍጥነት ነው። የሚገለጸውም አንድ ኪሎ ሜትር ለመሸፈን በሚወስደው ጊዜ ነው። ፍጥነቱ በዕድሜ፣ በክብደት፣ በጤና ሁኔታና በልምድ ስለሚለያይ የአንዱ መለኪያ ለሌላው አይሆንም። ቀነኒሳ በቀለ በ2012 ዓ.ም. የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲያሸንፍ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሸፍኗል። ለጤናው የሚሮጥ ሰው አንዱን ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ቢሮጥ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ታላላቅ አትሌቶችም ቢሆኑ አብዛኛውን ልምምዳቸውን የሚሠሩት ከውድድር ፍጥነታቸው እጅግ ዝግ ብለው ነው።

እንዴት ይታወቃል?

ቀላሉ መለኪያ ንግግር ነው። ሯጩ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ፍጥነቱ ተስማሚ ነው። ከሁለትና ከሦስት ቃላት በላይ መናገር ካቃተው ፍጥነቱን መቀነስ ይኖርበታል፤ ያለ ምንም ችግር መዝፈን ከቻለ ደግሞ ጥቂት ሊጨምር ይችላል።

ፍጥነቱን በቁጥር ለማወቅ ሜዳማ ቦታ መምረጥና ለ10 ደቂቃ በእርምጃ ሰውነትን ማሟሟቅ ያስፈልጋል። ከዚያም በሚያናግር ፍጥነት 20 ደቂቃ ሮጦ የተሸፈነውን ርቀት መለካት ነው። ለምሳሌ በ20 ደቂቃ 2.5 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው አንዱን ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው በ8 ደቂቃ ነው። የአንድ ቀን ውጤት በእንቅልፍ ማነስ ወይም በድካም ሊዛባ ስለሚችል፣ ልኬቱን በተለያዩ ሦስት ቀናት ደግሞ አማካዩን መውሰድ ይመረጣል። ያለማቋረጥ 20 ደቂቃ መሮጥ የማይችል ጀማሪ 1 ደቂቃ ሶምሶማ ሮጦ 2 ደቂቃ በመራመድ ሊጀምር ይችላል።

ፍጥነትን መለዋወጥ

ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት መሮጥ ከጊዜ በኋላ መሻሻልን ይገታል። በመሆኑም ሯጩ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት በተፈጥሯዊ ፍጥነቱ ከሮጠ በኋላ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለውጥ ሊያስገባ ይችላል። ለምሳሌ 1 ደቂቃ ፈጠን ብሎ፣ 2 ደቂቃ ዝግ ብሎ መሮጥና ይህንኑ ስድስት ጊዜ መደጋገም በ18 ደቂቃ የሚጠናቀቅ ልምምድ ነው። ቀሪዎቹ ቀናት ቀላል ሆነው እንዲቀጥሉ ይመከራል፤ ሰውነት የሚጠነክረው በጥረቱ ብቻ ሳይሆን በዕረፍቱም ጭምር ነውና።

እንደ እንጦጦ ባለ ዳገት ላይ ሰዓትን መከተል አያዋጣም። ዳገት ሲወጡ ርምጃን አሳጥሮ የአተነፋፈስን ልክ መጠበቅ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ ጉልበት እንዳይጎዳ ፍጥነትን መግታት ተገቢ ነው።

የቦታ ከፍታም ፍጥነትን ይወስናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ድሬዳዋ ደግሞ በግምት 1,200 ሜትር ላይ ነች። ከፍ ባለ ቦታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍጥነቱን መቀነስ ይኖርበታል። ወደ ቆላ የወረደ ደጋ ነዋሪ በበኩሉ ሙቀቱን ግምት ውስጥ አስገብቶ በማለዳ ቢሮጥና በቂ ውኃ ቢጠጣ ይጠቀማል።

በውድድር ቀን

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይ የሕዝቡ ሆታና ጭፈራ ብዙዎችን ከልካቸው በላይ ያስሮጣል። የመጀመሪያዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች ከተለመደው ፍጥነት ዝግ ብሎ የጀመረ ተሳታፊ መጨረሻውን በተሻለ አቅም ይደርሳል።

ጥንቃቄ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር አለባቸው። በሩጫ ላይ የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የልብ ምት የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ሩጫውን አቁሞ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። እንዲህ ያለውን ምልክት ችላ ብሎ ርቀትን ለመጨረስ መታገል ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።