መነጽሩ ያላሳየው ኮረብታ

ከሩቅ ተኩሰው የሚያድኑ ሰዎች ተከራክረው የማይጠግቡት ጥያቄ አለ፦ ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው መነጽር፣ ስኮፕ የሚባለው፣ ስንት እጥፍ ያጉላ? 4? 12? 24? ሲሰሙት የፈረንጅ መዝናኛ ይመስላል። እኛ አገር ዝንጀሮና ከርከሮ ከማሳ የሚባረረው ማማ ላይ በተቀመጠ ልጅ ጩኸትና ወንጭፍ ነው። ጥያቄውን ትንሽ ከገፋነው ግን ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ደጃፍ ድረስ ያመጣናል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ። የፊት መስታወቱ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር 4 እጥፍ ሲያጎላ ወደ ዓይን የሚያደርሰው የብርሃን ክብ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ያንኑ መነጽር 20 እጥፍ ላይ ብታደርጉት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚከፈት፣ ረፋድ ላይ ያማረው መነጽር ሲመሽ ይጨልማል። ይኼ ብቻ አይደለም። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ሜዳ ይጠባል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል፣ ፀሐይ ያጋለው አየርም ዒላማውን እንደ ውኃ ያወዛውዘዋል። ትንሽ እንስሳ በሩቅ ለመምታት ከፍ ያለ ቁጥር የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ ልምድ ያለው አዳኝ ግን ዝቅተኛው ላይ ይጀምራል። ሰፊውን አይቶ፣ ዒላማውን ለይቶ፣ ከዚያ ያጎላል። የተገላቢጦሽ የሄደ ሰው አንድ ቁጥቋጦ በጣም ጥርት አድርጎ እያየ የትኛው ቁጥቋጦ እንደሆነ ይጠፋበታል።

አሁን ወደ 1888 ዓ.ም. እንሂድ። ያኔ ለተራ ወታደር የጠመንጃ መነጽር የሚባል ነገር አይታደልም። በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ የፈረንሳዩ ግራ ነው፤ የእኛ ሰው «ፉዚ ግራ» የሚለውን አጠራር «ውጅግራ» አድርጎታል። 11 ሚሊ ሜትር፣ አንዴ ተኩሰህ እንደገና የምታጎርሰው። ጥይቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይወጣል። 400 ሜትር ላይ ላለ ዒላማ፣ አየሩ ባይቃወመው እንኳ፣ እስኪደርስ ወደ 4 ሜትር ይወርዳል፤ አየሩ ሲጨመር ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ርቀቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ርቀትን ደግሞ አገሩን በእግሩ የሄደበት ሰው ይገምታል። በዚያ ላይ ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ አንድ ዙር ከተተኮሰ በኋላ ጭሱ ሁሉንም ይሸፍነዋል።

ለኔ ግን የዓድዋ ትልቁ የማየት ታሪክ የጠመንጃ አይደለም፤ የካርታ ነው።

የካቲት 22 ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር፣ ከ17 ሺህ በላይ ሰውና 56 መድፍ ይዞ፣ በጨለማ ወደ ዓድዋ ተንቀሳቀሰ። በግራ በኩል ያለው የአልቤርቶኔ ብርጌድ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዟል። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ባራቲዬሪ ያሰበው ቦታ ላይ ደረሰ፤ ጥቂት ጠበቀም። መንገድ መሪዎቹ ግን እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው አሉት። ልክ ነበሩ። የተሳሳተው ንድፍ ካርታው ነው፤ ስሙን የጻፈው ሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። አልቤርቶኔ የታዘዘውን ስም ተከትሎ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጠለ፤ ከሌሎቹ ብርጌዶችም ተነጠለ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ብቻውን ተፋጠጠ። ከብርጌዱ አብዛኛው ኤርትራዊ አስካሪ ነበር፤ የዚያን የወረቀት ስሕተት ዋጋ ቀድመው የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ይኼን ያውቀዋል፦ ሁለት ነገር በአንድ ስም ትጠራለህ፣ ፕሮግራሙ የታዘዘውን በትክክል ይሠራል፣ ውጤቱ ግን ጥፋት ነው። አልቤርቶኔ ትእዛዝ አልጣሰም። ትእዛዙና መሬቱ አልተገናኙም እንጂ።

በእርግጥ ጦርነቱን ያሸነፈው የጣልያን ካርታ ነው ማለት አይቻልም። የሸዋ፣ የጎጃም፣ የትግራይ፣ የወሎና የሌላውም አገር ሰው ያንን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ ስንቁ እያለቀ፣ እዚያ ባይጠብቅ የተነጠለው ብርጌድ እንደገና ከወገኑ ጋር ይገናኝ ነበር። ክፍተቱን ያየ ዓይንና የገባበት እግር ያስፈልግ ነበር። እስከ ማታ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ።

ከወር ወር 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው። ታቦቱ ዓድዋ ድረስ ዘምቷል፤ ከድሉ በኋላም ፒያሳ ላይ የምናውቀው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ተሠራለት። በግንባታው ከተሳተፉት አንዱ ሰባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣልያናዊ መሐንዲስ ነው። ከዚያው አጠገብ የምኒልክ ሐውልት አለ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። እዚያ አካባቢ ስለ ዓድዋ ስናወራ ቶሎ የምናጎላው አንድ ጀግና፣ አንድ ፈረስ ወይም አንድ ጠመንጃ ነው። አዳኙ እንደሚያደርገው በዝቅተኛው ብንጀምር ግን መንገድ መሪው፣ አስካሪው፣ ስንቅ ተሸካሚው፣ ስሙ የተምታታው ኮረብታም በሜዳው ውስጥ ይገባሉ። ማጉላቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።