ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ካሜራው ከባሕር ማዶ መጣ። ካሜራው ፊት ቆሞ በአማርኛ የሚያጫውት ሰው ግን ተገዝቶ አይመጣም። ሙያውን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለ፣ ቀድሞ የሠራበት ሰው የለ። ጣቢያው ፊቱን ወደ ቴአትር ቤት አዞረ።

ሬዲዮም አስቀድሞ በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የተመረቀው ጣቢያ በጣሊያን ወረራ ተቋረጠ። ከነፃነት በኋላ እንደገና ሲከፈት ዘፋኝና ተጫዋች ያገኘው ከሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ከክቡር ዘበኛና ከፖሊስ ሠራዊት ነው። 

ወደ ቴሌቪዥን ከተሻገሩት የመድረክ ሰዎች ግን እንደ ተስፋዬ ሣህሉ (አባባ ተስፋዬ) የዘለቀ የለም። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወልደው፣ ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ላይ ቴአትር ጀመሩ። ያኔ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። እነ አስናቀች ወርቁ መጥተው ያን ሸክም እስኪያወርዱላቸው ድረስ ማለት ነው። የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ሲዘምትም ወታደሩን ሊያዝናኑ አብረው ሄዱ። ይዘፍናሉ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወታሉ፣ ምትሐት ያሳያሉ። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር «ኦቴሎ»ን በመሳሰሉ ትልልቅ ተውኔቶች ተሰልፈዋል።

ይህ ሁሉ በቴሌቪዥን ተረት ለሚያቀርቡበት «የልጆች ጊዜ» ለተባለው ፕሮግራም ስንቅ ሆነ። እንደ ሴት እየተናገሩ መድረክ የያዙ ሰው፣ አያ ጅቦን እና ጦጢትን በየድምፃቸው ማናገር አይቸግራቸውም። የሚከብደው ሌላ ነበር። የመድረክ ተዋናይ ሕዝቡ ሲስቅ ይሰማል፣ ሲሰለች ያያል፤ ካሜራ ግን አይስቅም፣ አያጨበጭብም። አባባ ተስፋዬ መላ አላጡም፤ ልጆቹ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ ይመስል በቀጥታ ያናግሯቸዋል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ፣ ጎረቤት ሳሎን ወለል ላይ ተኮልኩሎ የሚያይ የሰፈር ልጅ ሁሉ ለእሱ የተባለ ይመስለዋል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ምስሉም እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ጥቁርና ነጭ ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ዜናው፣ መዝሙሩ፣ አለቃው ተለወጠ። እሳቸው ከንጉሡ ዘመን ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ኢሕአዴግ ተረታቸውን ይዘው ተሻገሩ። በአገራችን የመገናኛ ብዙኃን ታሪክ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘ አቅራቢ መፈለግ ድካም ነው።

ፍጻሜው አላማረም። ከ40 ዓመት በላይ ከሠሩ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ በፕሮግራሙ ላይ በተነገረ አንድ ተረት ሰበብ ተሰናበቱ። ስህተት ቢኖር እንኳ እርማትና ይቅርታ ይበቃው ነበር፤ ዕድሜያቸውን ለሰጡ፣ 80 ዓመት ላለፋቸው አዛውንት እንዲህ ያለ ሽኝት አይገባም ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።