የፈንጣጣ ቍጥርና የመንግሥት ሥራ መለኪያ

አንድ መንግሥት ለሕዝቡ ጤና የሚሠራው ሥራ መልካም ወይም ደካማ መሆኑ በምን ይታወቃል? ብዙ ጊዜ መልሱ የሚፈለገው ከዓመታዊ ሪፖርት ነው፤ ይኸውም ስንት ጤና ጣቢያ ተሠራ፣ ስንት ሰው ተከተበ፣ ስንት ብር ወጣ የሚለው ነው። ነገር ግን የተሠራውን መቍጠርና ሥራው ያስገኘውን ፍሬ መቍጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚህ አጭር ጥናት ይህን ልዩነት በፈንጣጣ መጥፋት ታሪክ፣ በተለይም በአገራችን በተደረገው ዘመቻ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት የወሰነው በ1959 ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋናው መለኪያ የተከታቢው ቍጥር ነበር፤ ከሕዝቡ ከመቶ 80 እጅ ከተከተበ በሽታው ይቆማል ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ሆኖም እንደ ሕንድ ባሉት ብዙ ሕዝብ በሚኖርባቸው አገሮች የተከታቢው ቍጥር በመዝገብ ላይ ከፍ እያለ ሲሄድ በሽታው ግን ከመንደሩ አልወጣም። ለክትባት በቀላሉ የሚገኘው ተማሪ ቤት ያለው ልጅና በገበያ የሚያልፈው ሰው ነው። ከታቢው የታዘዘለትን ቍጥር ለመሙላት ያንኑ ሰው ደጋግሞ ቢከትብ ሪፖርቱ ይሞላል፤ ከመንገድ የራቀው ግን ሳይከተብ ይቀራል። በ1967 የተጠናከረው ዘመቻ ሲጀመር ግን፣ የሥራው መሪ ዶክተር ዲ. ኤ. ሄንደርሰን ሌላ መለኪያ አስቀደሙ። ከእንግዲህ ተፈልጎ የሚቈጠረው በሽተኛው ሆነ፤ በሽተኛው በተገኘበትም ስፍራ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ይከተባሉ።

ኢትዮጵያ ወደ ዘመቻው የገባችው ዘግይታ፣ በ1971 ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ኀይሉን በወባ ማጥፋት ሥራ ላይ አውሎት ነበር። ደግሞም በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ የቀለለው ዐይነት፣ ከመቶ ሕሙማን አንድ ወይም ሁለት ያህል የሚገድለው ስለ ሆነ ነገሩ የሚያስቸኵል አልመሰለም። በ1970 የተመዘገበው የሕሙማን ቍጥር 722 ነበር። በ1971 ግን 26,329 ሆነ።

ይህን ብቻ የሚያይ ሰው፣ በሽታው በአንድ ዓመት ከሠላሳ ስድስት እጥፍ በላይ ጨመረ፣ መንግሥትም ሥራውን አበላሸ ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የጨመረው በሽታው ሳይሆን የሚፈልገው ዐይን ነው። ቀድሞ ይቈጠር የነበረው ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት የመጣው ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው ከመኪና መንገድ ርቆ ስለ ነበረ የሚመጣው ጥቂት ነው። ዘመቻው ሲጀመር የኢትዮጵያ ሳኒቴሪያኖችና የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች፣ ብራዚላዊውን ዶክተር ሲሮ ዴ ክዋድሮስን ከመሳሰሉ ባለሙያዎች ጋር፣ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ በሽተኛውን ካለበት ፈለጉት። ከዚያ በኋላ ቍጥሩ በ1972 ወደ 16,999፣ በ1973 ወደ 5,414፣ በ1974 ወደ 4,439፣ በ1975 ወደ 3,935፣ በ1976 ወደ 915 ወረደ። የመጨረሻው ሕመምተኛ ነሐሴ 9 ቀን 1976 በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዲሞ በተባለች መንደር ተገኘ። እንግዲህ የ722 ቍጥር የድካም ምልክት፣ የ26,329 ቍጥር የትጋት ምልክት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ፈንጣጣ መንደር ለመንደር ይፈለግ በነበረበት በ1973፣ በወሎ የረኃቡ ሟች በመንግሥት በኩል ይሸፈን ነበር። የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ባያሳዩ ኖሮ፣ ብዙው የከተማ ሰው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አንዱ መንግሥት በአንድ ዘመን ለአንዱ መከራ ቈጣሪ ልኮ ሌላውን ደበቀ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ፈንጣጣን ማግኘት ለሠራተኛው ምስጋና ያመጣለት ነበር፤ ረኃብን መናገር ግን ሹሙን ያስወቅሰው ነበር። ቍጥር እውነት የሚሆነው እውነቱን የሚናገረው ሰው የማይቀጣበት እንደ ሆነ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የማረጋገጥ ነው። በሽታው ጠፋ የሚለው የሚኒስቴሩ ቃል ብቻውን አልበቃም። ከመጨረሻው ሕመምተኛ በኋላ ፍለጋው ከሁለት ዓመት በላይ ቀጠለ፤ የሕፃናቱም ፊት ተመረመረ። ፈንጣጣ ጠባሳ ስለሚተው፣ ጠባሳ ያለበት ትንሹ ልጅ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ከታወቀ በሽታው በዚያ መንደር መቼ እንደ ቆመ ይታወቃል። ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ይህን መርምሮ በ1979 አረጋገጠ፤ በግንቦት 1980ም የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር መጥፋቱን ዐወጀ። የልጅ ፊት ለሹም ብሎ አይዋሽም።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ነገር እንደ ፈንጣጣ አይለካም። ፈንጣጣ ከሰው በቀር ማደሪያ የለውም፤ ምልክቱም ለማንም ይታያል። የሳንባ ነቀርሳ ግን ተሰውሮ ይቈያል፤ ለሽማግሌ፣ ለአካል ጉዳተኛና ለሙት ልጅ የሚደረገው እርዳታ ደግሞ መልካምነቱን የሚያሳይ ጠባሳ የለውም። በዚህ ዐይነቱ ሥራ የተረጂዎችን ብዛት መጻፍ ቀላል ሲሆን፣ የተረጂው ኑሮ መሻሻሉን ማወቅ እርሱኑ ቤቱ ሄዶ መጠየቅን ይፈልጋል። መሠረቱ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ አንድ የጤና ሪፖርት በእጃችን ሲገባ ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ይገባናል እንላለን። የተቈጠረው ድካሙ ነው ወይስ ፍሬው? የቈጠረው ማን ነው፤ ቍጥሩ ቢከፋስ ምን ይደርስበታል? ወደ ቈጣሪው ያልመጣውን ሰው ማን ሄዶ ፈለገው? እነዚህ ሳይመለሱ የቀረበ ቍጥር፣ ትልቅም ቢሆን ትንሽ፣ ስለ ሕዝቡ ጤና ገና ምንም አልነገረንም።