የተሳቢ ድምፅ

የተሳቢ ድምፅ በጭነት መኪና የሚጎተት ተሳቢ በጉዞ ላይ የሚያሰማው ያልተለመደ ጩኸት ወይም ኳኳታ ነው። ተሳቢ የራሱ ሞተር ስለሌለው ድምፁ የሚመነጨው ከጎማ፣ ከኩሽኔታ፣ ከባሌስትራ፣ ከፍሬን፣ ከመጎተቻው ወይም ከካሶኒው ነው። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ የሞተሩ ድምፅ ስለሚሸፍንበት ብልሽቱን ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል። ምንጩን ለማግኘት ዋናው መንገድ ድምፁ መቼ እንደሚሰማ መለየት ነው።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት አብዛኛው የገቢ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል፤ ማዳበሪያን የመሰለ ከባድ ጭነትም በመኪናና በተሳቢ ወደ አማራ ክልል ይጓጓዛል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን በረሃ ያቋርጣል። በዚህ ቦታ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና እንደገና ይወጣል። ፍሬኑ ያለቀ ወይም ኩሽኔታው የደረቀ ተሳቢ ለአደጋ በጣም የሚጋለጠው በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው መንገድ ሐሙሲት ላይ ተገንጥሎ ወደ እስቴ የሚሄደው መንገድ በደራ ወረዳ ዋና ከተማ በአንበሳሜ በኩል ያልፋል። በዚህ አካባቢ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ በተሳቢው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ውስጥ እየገባ ግራሶውን ያበላሻል።

እንደ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ግራሶ፣ ቡሎንና ካሶኒ ያሉት የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

የድምፅ ዓይነቶችና ምክንያታቸው

• ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚጨምር ማጉረምረም፦ ብዙውን ጊዜ የተበላ ወይም ግራሶ ያለቀበት ኩሽኔታ ነው። ችላ ከተባለ ጎማው እስከ መውለቅ ሊደርስ ይችላል።
• በጎማው ዙር ልክ የሚደጋገም ቀጭታ፦ በጥንድ ጎማዎች መካከል የተቀረቀረ ድንጋይ ወይም ጎማው ላይ የተሰካ ብረት ሊሆን ይችላል።
• ጉድጓድ ላይ ሲጥ ሲጥ ማለት፦ የደረቀ የባሌስትራ ማያያዣ ነው። ድምፁ ቋ የሚል ከሆነ ግን የላላ ቡሎን ወይም የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል ይጠረጠራል።
• ፍሬን ሲያዝ የብረት ፍጭት፦ የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ መሆኑን ያመለክታል። ጉዞው ወዲያውኑ መቋረጥ አለበት።
• ሲነሳና ሲቆም ኳ ማለት፦ የመጎተቻው ቀለበት ወይም ፒኑ ተበልቶ ክፍተት ፈጥሯል።
• ቆሞ ሳለ የማያቋርጥ የአየር ሽሽታ፦ የፍሬን አየር ከጎማ ቱቦ ወይም ከመገጣጠሚያ እያፈሰሰ ነው። አየሩ ሲያንስ ፍሬኑ ሊደክም ወይም ራሱ ሊይዝ ይችላል።

አመረማመር

ተሳቢው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሌሎቹ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ። ጥቂት ከተጓዘ በኋላ የእያንዳንዱ ጎማ መሃል ሙቀት ከሌሎቹ ጋር ይነጻጸራል። እጅ ሊቃጠል ስለሚችል ብረቱ አይነካም፤ የእጅ ጀርባን ማስጠጋት ይበቃል። ከሌሎቹ የጋለ ጎማ ካለ ወይ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም።

ሁለቱን ለመለየት ጎማው በክሪክ ይነሳል፤ ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ ድጋፍም ይደረጋል። ከዚያ ፍሬኑ ተለቆ ጎማው በእጅ ይሽከረከራል። ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከልክ በላይ ከተወዛወዘ ወይም ሲዞር ሸካራ ድምፅ ካሰማ ጉዳቱ የኩሽኔታው ነው። ሳይነቃነቅ ከብዶ የሚዞር ከሆነ ግን ፍሬኑ ይዞታል ማለት ነው።

ግራሶ ሲጨመር

ግራሶ መጨመር የሁሉም ድምፅ መድኃኒት አይደለም። የፍሬን ሸራና ታምቡር ግራሶ ከነካቸው ፍሬኑ ይንሸራተታል፤ ጩኸቱ ይጠፋል፣ አደጋው ግን ይጨምራል። ጭቃ የገባበት ኩሽኔታም በላዩ ላይ ግራሶ በመጨመር አይድንም። ወልቆ መታጠብ፣ መመርመርና በአዲስ ግራሶ መሞላት አለበት፤ የተበላ ከሆነ ደግሞ ይቀየራል። አሸዋና ውኃ እንደገና እንዳይገባበት የተቀደደ መከላከያ ጎማ አብሮ ይለወጣል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የጎማው ቡሎኖች ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንደገና ይጠብቃሉ። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊትም መኪናውን አቁሞ ጎማዎቹን፣ የአየር ቱቦዎቹንና መጎተቻውን ማየት ያስፈልጋል።